ለራሷ ቤት የተሠራ እዝን

እናታችን ሶርያ፣ ሆምስ ላይ ስታርፍ እኔና እህቴ ኢንቲሳር ካናዳ፣ ሃሚልተን፣ ከሱቃችን ጓዳ ክቤ፣ ሥጋ የተሞላውን የአገራችንን ጥብስ፣ እየሠራን ነበር። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወንድማችን ከዚያ ማዶ ያለቅሳል። ኢንቲሳር ፊቴን አየችኝ። በእጇ የያዘችውን የሥጋና የቅንጬ ሊጥ ሆዱን ሞላችና አፉን ዘግታ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

«አረፈች?»

«አረፈች።»

«መሄድ አንችልም።»

«አንችልም።»

ሽርጧን ፈታች። ባሏ ጋሳን መኪናው ላይ ዕቃ ሊጭን ሲገባ፣ «ሦስቱን ቀን ቁጭ ብዬ ላልቅስላት። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው። ጋሳን የሱቁን መዝጊያ አወረደ።

ኢንቲሳር ሥራውን የጀመረችው የመጥበሻው ሽታ ጎረቤት በሚያስቆጣበት በአንድ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ነው። ቀስ በቀስ ሱቅ ሆነና ሁላችንንም ያዘን። ጋሳን ያደርሳል፣ ልጇ ዋኢል ስልክና ሒሳብ ይይዛል፣ እኔ እጠብሳለሁ። ክቤውን በአውራ ጣት ቦርቡሮ እንደ ወረቀት ማሳሳት ግን የእሷ ብቻ ነው። እኛ የሠራነው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። በከተማው ያለን ሶርያውያን ስንድርም ስንወልድም ስንቀብርም የምንበላው ከእሷ እጅ ነው።

በእኛ ዘንድ ሀዘንተኛ ምድጃ አይነካም። ሦስት ቀን የሚያበላው ጎረቤት ነው።

በማግስቱ ጠዋት እነ ኢንቲሳር ቤት ዋኢል ለለቀስተኛ ወንበር ሲደረድር፣ ይዞት የመጣው የሱቁ ሞባይል ጠራ። ኢንቲሳር አነሳችው። ፀጉር አስተካካዩ አቡ ኒዛር ነበር፣ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል፤ እንደ አገራችን ልማድ በልጇ ስም ኡም ዋኢል፣ የዋኢል እናት፣ ብሎ ጠራት።

«ኡም ዋኢል፣ አንቺን ማስቸገሬ አይደለም፣ ልጅሽን አገናኚኝ። ለሀዘን ቤት ሁለት ትሪ ክቤ ፈልጌ ነበር።»

«አላህ ያጽናቸው። ማን ሞተባቸው?»

 ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው… እናንተው ቤት ነው የማመጣው።»

ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት። «አቡ ኒዛር፣ ከሌላ ቤት ግዛ!»

«ምን ነካሽ ሩላ? የሌላ ሰው ደረቅ ሩዝ ተሸክሜ ኢንቲሳር ቤት ልግባ? ሚስቴ ጥላኝ ትሄዳለች።»

«እሷ ታብስላ እንግዲያ!»

«ሞክራ ነበር እኮ። ኡም ዋኢል ትቀምሰዋለች ስትል ተርበትብታ ጨው ደፋችበት።»

ኢንቲሳር ጋሳንን አየችው። ጋሳን አንገቱን ደፋ። «እዝን አይመለስም፣ ነውር ነው። ይቺን ብቻ ሠርተሽ ትቀመጫለሽ» አላት። እሱ ይህን ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ እንደገና ጠራ።

በሱቁ የኋላ በር ገባን። መዝጊያውን አላነሳንም። በጥቁር ቀሚሷ ላይ ሽርጥ አሠረች። ትሪው ሲሞላ ጋሳን ላዘዙት ሰዎች ያደርሳል፤ እኛ ደግሞ ልብሳችንን አራግፈን ወደ ቤት እንሮጣለን። እነሱ ያንኑ ትሪ ይዘው በፊት ለፊት በር ሲመጡ ኢንቲሳር ደጃፍ ቆማ፣ «ምነው ተቸገራችሁ! አላህ ይስጥልን» ትላለች። ከራሷ ጓዳ የወጣውን የራሷን ትሪ በሁለት እጇ ትቀበላለች። አንዷ እንግዳ ጎርሳ፣ «እጅሽ ይባረክ» ካለቻት በኋላ ደንግጣ አፏን በመሐረብ ያዘች።

በሁለተኛው ቀን ሼኹ መጥተው ለእናታችን ቁርኣን ሲቀሩ እኛ ሱቅ ነበርን። ዘይቱ ይንጫጫል። ኢንቲሳር ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «እማማን ቁጭ ብላ ስትበላ አይተሻት ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አሰብኩ። «አላውቅም።»

«እኔም።»

 ትእዛዙ ብዙ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሴቶቹ ክፍሉን ሞልተው ተቀምጠዋል። በዕድሜ ሁሉን የሚበልጡት ሀጃ በድሪያ ኢንቲሳርን ትክ ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ ዓይንሽ ደረቀ። እናት አይደለችም እንዴ የሞተችብሽ?»

«መቼ ላልቅስ ሀጃ? የበላችሁትን ሁሉ እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ! ከመካከላችሁ አንዲት ሰው እንቁላል እንኳ ብትጠብስልኝ ምናለበት?»

 አንዷ የብርጭቆዋን አፍ በጣቷ ታሻለች። ሀጃ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ተቀመጪ። እኔ እጠብስልሻለሁ። ቢያርም ትበያለሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ኢንቲሳር አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጇን ያዝኩ። «እናቴ…» አለችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከሦስት ቀን በኋላ ገና አሁን ነው ለቅሶው የመጣላት። አቀፍኳት።

ከማዕድ ቤት የዘይት ድምፅ ተሰማ። እጇ በእጄ ውስጥ ግትር አለ።

«ዘይቱ ግሏል» አለች በሹክሹክታ።

«ተይው።»

«ይቃጠላል ሩላ።»

«ይቃጠል!»

«ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ይፈናጠርባቸዋል።»

ተነሳች። የቀሚሷን ጫፍ ጎተትኩ፣ አመለጠኝ። ተከትያት ገባሁ። ሀጃ ማንኪያ ይዘው ቀና አሉ።

«ውጪ ከዚህ! ሀዘንተኛ ምን ያደርጋል ምድጃ ዘንድ!»

«እሺ ሀጃ፣ እሳቱን ብቻ ልቀንሰው።»

ቀነሰችው። ከዚያ መጥበሻውን ትንሽ አዘነበለችው። ከዚያ ማንኪያውን ከሀጃ እጅ ወሰደች፤ ሀጃም ለቀቁላት። ሽታው ሳሎን ሲደርስ አንዷ ብቅ አለች። «አንድ ለእኔም ጣል አድርጊልኝ፣ አስኳሉ ሳይደርቅ።» ሌላዋም መጣች። ኢንቲሳር ከሙን በተነችበት፣ ዳቦ አሞቀች፣ ሳህን አወረደች። ፊቷ እርጥብ ነበር። በክንዷ ጠረገችውና ቀጠለች።

የምሽቱ ሶላት፣ የመግሪብ አዛን ከአንዷ ስልክ ተሰማ። ሦስተኛው ቀን አለቀ። ከዚህ በኋላ ለቅሶ የሚደርስ የለም። ሴቶቹ በልተው፣ ሰግደው፣ «አላህ ይዘንላቸው» እያሉ ጫማቸውን አጠለቁ። የእንቁላሉ ካርቶን ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ለኢንቲሳር የሚሆን አልተረፈም።

የመጨረሻዋ እንግዳ በር ላይ ዞር አለች። «ኡም ዋኢል፣ ነገ ትከፍታላችሁ አይደል? የልጄ ኒካሕ ድግስ ነው ቅዳሜ።»

ኢንቲሳር መጥበሻውን እያጠበች ነበር።

«እንከፍታለን» አለች።