ውሃ ካለ፣ ውሃ ከሌለ

አንለይ የመንግሥት ወረቀት ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ፊቱማ ምንጊዜም ፈገግ እንዳለ ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣውን ቅጽም ገለበጠው። ባዶ ነው።

«ባዶ ጀርባ አልወድም» አለ ለሚስቱ ለሸዋነሽ። «የሚደብቀውን ሌላ ቦታ አስቀምጦታል ማለት ነው።»

«ኮምፒውተር ነው የሚያነበው፣ አያ አንለይ» አለ ቅጹን ያመጣው መነጽራም ባለሙያ፣ ደሳለው።

«የማን ልጅ ነው?»

«የማንም። ማሽን ነው።»

«አባት የሌለው አንባቢ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንለይ በሚመራው የገበሬ ማኅበር ያለው ዐርባ አባወራ በአንድ መንደር ይሰባሰብ ተብሏል። ቤቶቹ የት እንደሚሠሩ የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ማሽን ነው፤ ለማሽኑ የሚነግረው ደግሞ ቅጹ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሜዳው ላይ ውሃ አለ?» ይላል። ካለ ቤቶቹ ከሜዳው ጥግ ባለው ጉብታ ላይ ይሠራሉ፤ ከሌለ ሜዳው ላይ በሰልፍ ይደረደራሉ። ሜዳው ደግሞ ክረምት ሲገባ ሐይቅ ነው። አምና የአንለይ ላም ከነጥጃዋ የሰመጠችው እዚያ ነው።

የመንደር ምሥረታው ካድሬ ጓድ አበረ ሜዳው መካከል ቆሞ፣ የተሰነጠቀውን ዋልካ አፈር በጫማው መታ መታ አደረገ።

«የታለ ውሃው?»

«ሐምሌ ላይ ብቅ ይበሉ፤ በታንኳ እናስጎበኝዎታለን» አለ አንለይ።

«ቅጹ የሚለው ‹አለ ወይ› ነው፤ ‹ይመጣል ወይ› አላለም። ቤትህ እዚያ ጉብታ ላይ አይደል ጓድ አንለይ? ሰበብ እየፈለግህ እንዳይሆን!»

በዚያ ዘመን ሰበብ የፈለገ ሰው ወረታ እስር ቤት ነበር የሚገኘው። አንለይ ቅጹን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ቅጹን ሞልቶ ለደሳለው መለሰ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ባዶ ትቶ፣ ከሁሉ በታች ግን «ክረምት ሲመጣ ሜዳው በውሃ ይዋጣል» ብሎ ጽፎበታል። ሽምግልና ሲቀመጥ የኖረ ሰው ነው፤ ቶሎ የተናገረ እንደሚሸነፍ፣ ነገር የሚቆረጠው በመጨረሻው ቃል እንደሆነ ያውቃል።

ደሳለው አነበበው። ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አያ አንለይ፣ ማሽኑ ሽማግሌ አይደለም። ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ ጥያቄው ላይ ሲደርስ ባገኘው መልስ እዚያው ይፈርዳል። ከታች የጻፉትን ሲያገኝ ፍርዱ አልቋል።»

«ባዶ ነው የተውሁት። በምን ይፈርዳል?»

«ባዶውን ‹የለም› ብሎ ይቆጥረዋል።»

«ዝም ያለን ሰው ‹የለም አለ› ይለዋል?»

«ይለዋል።»

አንለይ ከጫማው እስከ መነጽሩ ቃኘው። ይህን ለምን ይነግረኛል? አበረ ልኮት ቢሆንስ? ‹አለ› ብዬ ስጽፍ እጄን ሊይዘኝ?

«አንተ የማን ነህ?»

«የዚሁ የይፋግ ልጅ ነኝ። ቤታችንን ጎርፍ ነው የወሰደው።»

«ይኼንስ ሁሉም ይለዋል» አለች ከጎናቸው ሆና የምትሰማው ሸዋነሽ። ትንሽ አሰብ አድርጋ ግን ጠየቀች። «ማሽኑ የሚፈልገው በጠየቀበት ሰዓት ያለውን ነው አልህ?»

«አዎን፣ እናቴ። ያን ሰዓት ያለውን ብቻ።»

«እንግዲያ ለሰዓቱ እናደርስለታለን።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አበረ ደሳለውን አስከትሎ፣ አንለይ የተዋትን ባዶ ቦታ በገዛ እጁ ሊሞላት ሜዳው ላይ ቆመ። ብዕሩን ሳያወጣ ሃያ ሴቶች እንስራ አዝለው ከርብ ወንዝ መጡ። ሸዋነሽ ቀድማ እንስራዋን እግሩ ሥር ገለበጠችው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዋልካው ጠጥቶ ጠጥቶ ጭቃ ሆነ።

«ምንድን ነው ይሄ?» ጮኸ አበረ።

«ውሃ» አለች ሸዋነሽ።

«እናንተ ያፈሰሳችሁት ነዋ!»

«ቅጹ ‹ማን አፈሰሰው› ይላል?»

አበረ ወደ ደሳለው ዞረ። ደሳለው ቅጹን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ አነበበ።

«የአፍሳሽ ስም የሚሞላበት ቦታ የለውም፣ ጓድ።»

አበረ እግሩን ሊያነሳ ሲል ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። ውሃ ውስጥ ቆሞ ‹የለም› ብሎ የፈረመ ካድሬ! ከሃያዎቹ አንዷ ወረታ ሄዳ ብታወራ? ይኼ ባለ መነጽርስ አዲስ አበባ ሲመለስ ምን ይላል? «አለ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ግንቦት ላይ ደሳለው ትእዛዙን ይዞ መጣ። ዐርባውም ቤት ጉብታው ላይ! ሸዋነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። አንለይ ግን ወረቀቱን ገለበጠ። የአሁኑ ጀርባ ባዶ አይደለም።

«የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ፦ ውሃ ከሌለ ይቆፈራል። ውሃ አለ። ስለዚህ አይቆፈርም።»

«ይኼንን ማን ጠየቀን?» አለ አንለይ።

ደሳለው አንገቱን ደፋ። «ጥያቄው ማሽኑ ውስጥ ነበር፤ ለእኔም አላሳዩኝም። አንዴ የያዘውን መልስ ለሁሉም ጥያቄ ያውለዋል።»

«የያኔው ጀርባ ባዶ ነው ስላችሁ!»

ሸዋነሽ እንስራዋን አዝላ ወደ ርብ መንገድ ጀመረች።

«ግዴለም» አለች ዞር ብላ፤ «እዚያ ሜዳው ላይ የዓሣ ቀለብ ከመሆን፣ እዚህ እንስራ ማዘል ይሻላል።»