ለማስታወሻ የሚሆን ስድብ

የሰደበኝ የእህቴ ባል ነው። ቀኑ እሑድ ነበር፣ እህቴ አዲስ ቤት የገባች ዕለት፣ ምሳ ላይ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ከጎኔ ላገባት ያሰብኳት ልጅ አለች። ለስጦታ የገዛሁትን ምንጣፍ ታክሲ ውስጥ ረስቼ ባዶ እጄን ነበር የደረስኩት። እሱ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ሰው ሁሉ ዝም እስኪል ጠበቀ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ "የኔ ልጅ፣ ይህን ወንፊት ካገባሽ በየጠዋቱ እንደ አዲስ ልትተዋወቂው ነው" አላት። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሷም ሳቀች። እኔን የገደለኝ የእሷ ሳቅ ነው። ወር ሳይሞላ ትታኝ ሄደች።

በሥራ ቦታም ስሜ ወንፊቱ ሆኖ ቀረ፤ እሱና እኔ የምንሠራው አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነውና። እሱ አለቃ፣ እኔ ተኳሽ። ጠመንጃ ቢሰጡኝ ኖሮ ማን ላይ እንደምተኩስ አውቅ ነበር፤ የሰጡኝ ግን ካውያ ነው።

መርሳቱንስ እረሳ ነበር፣ አልክድም። ውሃ ከፍቼ እሄዳለሁ፣ ቁልፍ የት እንዳኖርኩ ይጠፋኛል፣ ካውያውን ነቅዬው ይሆን እያልኩ ከመንገድ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ግን ነገሩ ገረመኝ። ጠዋት የበላሁትን ማታ የማላስታውስ ሰውዬ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ "አንተ ድንጋይ" ያለኝን መምህር የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ። ለካ ጭንቅላቴ ቂም ሲሆን ጠብ አይልበትም!

ከዚያ ወዲያ መርሳት የሌለብኝን ነገር ሁሉ ባስቀየመኝ ሰው ላይ አንጠለጠልኩት። ቁልፉን ሚስማር ላይ ስሰቅል አክስቴን እሰቅላለሁ፤ "ከዚህ ልጅ ሰው አይወጣም" ብላለችና። ውሃውን ስዘጋ የመምህሩን አፍ እዘጋለሁ። ካውያውን ከሶኬቱ ስነቅል የእህቴን ባል ጥርስ ነው የምነቅለው። ከመንገድ መመለስ ቀረ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይሳቅ፤ እሱንም የማንጠለጥልበት ነገር አላጣም።

ዓመታት ሄዱና መርሳት ወደ እህቴ ባል ዞረ። ባለፈው ሰሞን ካውያ ሳይነቅል ወጥቶ አንድ ክምር አንሶላ አቃጠለ። ሥራ አስኪያጇ ሁላችንም ፊት፣ "ጋሼ፣ አንዴ ከደገሙት ወደ ቤትዎ ነው" አለችው። ጡረታው ገና ነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ እተኩሳለሁ፤ ሆዴ ግን ይስቃል።

ትናንት ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

"ወንፊቱ፣ አንተ ምን መድኃኒት ብታገኝ ነው እንዲህ የዳንከው?"

"ምንም አላገኘሁ፣ ጋሼ።"

"አትደብቀኝ! በእህትህ ሞት ንገረኝ።"

ነገርኩት። ስም አልጠራሁም እንጂ ዘዴውን አልሰሰትኩም። "ክፉ አድርጎ የሰደበዎትን ሰው ያስቡና ካውያውን ከእሱ ጋር ያያይዙት። የእሱ ነገር ከሆድ አይወጣም፤ ካውያውም አብሮ ይቀራል" አልኩት።

ጣሪያውን እያየ አሰበ። "ያንተስ ከማን ጋር ነው የታሰረው?" ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

"እኔን የሰደበኝ ሰው የለም" አለ፣ ከልቡ አዝኖ። "ሰው ሁሉ ይወደኛል። እኔም ቀልድ እንጂ ክፉ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅ። አንተንስ ተናግሬህ አውቃለሁ?"

ያን የእሑድ ምሳ ረስቶታል። ያለ ሚስት ያስቀረኝን ቃል፣ እሱ የተናገረው ዕለት ከጥርሱ መሃል እንደወጣ ፍርፋሪ ጥሎታል።

ቀጥሎ እጄን ያዘ። "እንግዲያው አንተ ስደበኝ። አጥንቴ ድረስ የሚገባ ስድብ። ሥራዬን ካጣሁ እህትህስ ምን ይውጣታል? በል እንጂ፣ አልቀየምህም!"

ስንት ዘመን ያጠራቀምኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ተጋፋ። ስለ ቦርጩ አለኝ፣ ስለ ውሸቱ አለኝ፣ ልጆቹ ከኋላው ስለሚሉት አለኝ፤ ጢሜን ስላጭ በመስታወት ፊት የተለማመድኳቸው ናቸው። አንዱን ብወረውርለት ዕድሜ ልኩን ካውያ አይረሳም። አውቃለሁ፣ አሳምሬ ነው የሠራኋቸው።

እጄን መንጭቄ ኮቴን ከወንበሩ አነሣሁ።

"ኧረ አንድ ቃል! ደደብ እንኳ በለኝ፣ ምን አለበት?" እያለ እስከ በሩ ተከተለኝ።

ስድቦቼን አንድ ሳላጎድል ይዤ ወጣሁ።