የሃያ ሁለትና የቦሌ ሰርቨሮች

በ1991 ዓ.ም. እንቁ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ በሚገኝ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበረች። ድርጅቱ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥባቸው ሁለት ሰርቨሮች ነበሩት፤ አንዱ እዚያው ቢሮ፣ ሌላው ቦሌ ኤርፖርት የካርጎ መጋዘን ውስጥ። ዲስኮቹ ትንንሽ ስለነበሩ እያንዳንዱ ፋይል ተከፍሎ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይቀመጣል። ሁለቱ ካልተገናኙ አንድም ሰነድ አይከፈትም።

ቅዳሜ ዕለት አንድ የማይታወቅ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ የደንበኞችን ፋይል ሲነካካ ተደረሰበት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደጻድቅ ደነገጡ።

«ሁሉንም ፖርት ዝጊው» አሏት። ፖርት ማለት ኮምፒውተሩ መረጃ የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት፣ ቁጥር የተሰጠው በር ነው።

«የትኛው ለምን እንደሚያገለግል መጀመሪያ ልይ።»

«ከዘጋሽ በኋላ ታዪዋለሽ።»

እንቁ በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ፋየርዎል የሚባል የመከላከያ ፕሮግራም ጭና ሁሉንም ዘጋች።

ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ ሠራተኛ ታዴዎስ ደወለ።

«እንቁ፣ ትርሓስ የምትባል ነርስ ኢንሱሊን ልትወስድ መጥታ እዚህ ቆማለች። የመልቀቂያው ሰነድ ግን አልከፈት አለኝ፤ ያለ እሱ ደግሞ ዕቃ ማስወጣት አልችልም።»

«መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው?»

«ካርቶን ውስጥ ነው፤ በረዶው እየቀለጠ ነው። ክሊኒካቸው ውስጥ የቀረው ለዛሬ ብቻ የሚበቃ ነው አለች።»

አቶ ወልደጻድቅ ከጀርባዋ ቆመው ይሰሙ ነበር። «በቃ፣ ፋየርዎሉን አንሺው።»

«ካነሳሁት የቅዳሜው ሰው ተመልሶ ይገባል፤ ሰነዱን ራሱን ሊያጠፋው ይችላል። ሁለቱ ሰርቨሮች የሚገናኙበትን ለእነሱ ብቻ ልክፈት።»

«ሴትዮዋ መድኃኒት ይዛ እንድትሄድ ነው የምፈልገው።»

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

እንዲህ መልሳላቸው አታውቅም። የሚገናኙበትን ፖርት ከፈተች፤ ታዴዎስም በስልክ እየነገረችው በቦሌው ሰርቨር ላይ ያንኑ አደረገ።

«ተገናኝተዋል ይላል» አለ ታዴዎስ። «ሰነዱ ግን አሁንም የለም።»

እንቁ ተሳስቼ ይሆን እንዴ ብላ ፋይሎቹን ለሁለቱ የሚያከፋፍለውን ፕሮግራም መመሪያ ገለጠች። በዚያ ፖርት ሰርቨሮቹ የሚፈላለጉበት መልእክት ብቻ ነው የሚያልፈው፤ ፋይሉ ራሱ የሚተላለፈው በሌሎች ነው። እነሱንም ለሁለቱ ሰርቨሮች አድራሻ ብቻ ከፍታ ቁጥሮቹን ለታዴዎስ ነገረችው። አንዱን አሳስቶ ጻፈ፤ ቀስ ብላ ደገመችለት።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ የፕሪንተር ድምፅ ሰማች።

«እየታተመ ነው። ወረቀቱ ገና ታትሞ ሳያልቅ ትርሓስ ካርቶኑን አንስታለች» አለ ታዴዎስ እየሳቀ።

አቶ ወልደጻድቅ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ያ የቅዳሜው ሰውዬስ?»

«ለእሱ ዝግ ነው።»

«ጥሩ። ሌላ ጊዜ ዝጊ ስልሽ ምን እንደሚቆም ሳትነግሪኝ አትዝጊ።»

«እሺ፤ እርስዎም እስክነግርዎ ይታገሱኝ።»

«እታገሳለሁ» አሉና የሌሎቹን ፖርቶች ሥራ እንድታስረዳቸው ጠየቋት።