እማዬ አባዬን ከሱቅ አላስወጣም አለች

አባዬ በሞተ በዓመቱ ልቦለድ ጻፍኩ። አረካ ላይ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከዚህ ሌላ ሙያ የለኝም። የአባዬን የጀማለዲንን ሕይወት በሁለት መቶ ገጽ ተረኩት፤ በልጅነቱ ከስልጤ ወደ ሶዶ መምጣቱን፣ የስኳርና የሳሙና ሱቅ መክፈቱን፣ እማዬን ሳቢራን ማግባቱን። የመጨረሻዋን ቀን ግን «አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ አረካ ተነሣ» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኳት። ልቦለድ ለዚህ ይመቻል። ደራሲው ከዘለለ አንባቢውም አብሮ ይዘላል።

ታናሽ ወንድሜ ኢሊያስ ሥዕል ይችላል። አሥር ገጽ ሲያነብ ያዛጋል፤ ቢሆንም እንደምንም ጨርሶ መጽሐፌን ወደ ኮሚክ ቀየረው። በአንዱ ሳጥን ውስጥ አባዬ ሱቁን ይቆልፋል፣ በሚቀጥለው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጧል። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ምን እንደተፈጠረ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የመሰለውን በልቡ ሞልቶ አለፈ። እኔም በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ጉዱ የመጣው በጌሙ ነው። ኢሊያስ ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ ፈት ሆኖ ተቀምጧል፤ ያንኑ ታሪክ የስልክ ጌም አድርጎ ሠራውና መጀመሪያ እማዬን አጫወታት። መጽሐፌን ገልጣ የማታውቅ ሴት ስልኩን ይዛ ቀረች። በጣቷ እየነካች አባዬን ስኳር ታስመዝነዋለች፣ ደንበኛ ታስተናግድበታለች፣ ሶላት ሲደርስ ታሰግደዋለች። በሩ ጋ ሲደርስ ትመልሰዋለች። እሱ ካልወጣ ጌሙ ወደ ፊት አይሄድም። ሳምንት ሙሉ አላስወጣችውም።

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቅዳሜ ከአረካ መጥቼ ሳያት ብታሳዝነኝም ተናደድኩ፤ አስወጪውና ጌሙ ይለቅልሽ አልኳት።

«ለምን ይወጣል?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ደግሞ ዱዓ ሳላደርግለት መንገድ ወጥቶ አያውቅም።»

እውነቷን ነው። አባዬ ለግማሽ ቀን እንኳ ከከተማ ሲወጣ ሱቁን ቆልፎ መጀመሪያ ቤት ይመጣል። እማዬ መዳፏን ዘርግታ ዱዓ ታደርግለታለች፣ እሱ «አሚን» ብሎ ፊቱን ያብሳል። አብረው በኖሩበት ሠላሳ ዓመት የቀረው በሞተበት ቀን ብቻ ነው።

ኢሊያስም ወደ እኔ ዞረ። ልቦለድ ላይ ሄደ ካልሽ ሄደ ነው፣ እዚህ ግን የሚያስኬደው የተጫዋቹ ጣት ነው፣ ምክንያት ካላገኘ አይነካም አለኝ። አንቺ ጋ ሲመጣ አይደል የሞተው፣ ምን ሊያደርግ ነበር የሚመጣው ብሎ ጠየቀኝ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ይህንኑ ጠይቆኛል፤ ናፍቄው ይሆናል ስል ነበር የኖርኩት። አሁን እማዬም ጣቷን አቁማ ታየኛለች። መዋሸት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አልኩ። «ለእማዬ እንዳትነግራት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ቀሪውን እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ከአከራዬ ከእልፍነሽ ጋር በቧንቧ ውሃ ተጣልቼ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ሴትዮ እንደ ሕፃን በስልክ አለቀስኩበት። እማዬ ከሰማች እዚያ ቤት አትከራዪ ብዬሽ አልነበር ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ቤት ከገባ ደግሞ ትጠይቀዋለች፤ ስለዚህ ከሱቁ በቀጥታ ተሳፈረ። እሱ መንገድ ላይ ሳለ እኔና እልፍነሽ ታርቀን ምሳ እየበላን ነበር። ደውዬ ተመለስ አላልኩትም። ከተነሣ አይቀር መጥቶ ይየኝ ብዬ ተውኩት። ሚኒባሱ አረካ ሳይደርስ ተገለበጠ።

እርግማኗን ጠበቅኩ። እማዬ ግን ስልኩን ዘግታ ለኢሊያስ ሰጠችው።

«ያን ቀን ጠዋት ተጨቃጭቀን ነበር» አለች። «ዱዓዬን ንቆ የሄደ መሰለኝ። ተቀየምኩት። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ዱዓ ሳደርግ፣ አንድ ቀን ስሙን አልጠራሁለትም።»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በአባዬ ፈንታ የተቀየመችው እኔን ነው።