ከመስኮቱ በስተግራ የነበረው እድፍ

ሰፈሩ «እትዬ መዝገብ» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ፣ ሥራውን ተሰናበተች እንጂ ፋይሉን አልተሰናበተችም። ከባሏ ጋር ጥርሳቸውን ነክሰው ባጠራቀሙት ሁለት አፓርታማ ገዝተው ማከራየት ሲጀምሩ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ማውጫ አበጀች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ትላለች። ባሏ ደግሞ ከጎኗ ሆኖ «እኔንም ፋይል ከከፈተችብኝ ቆየች» ይላል።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ያውም እጁ የተመሰከረለት። ወገቡ ተይዞ ሐኪም መሰላል ከከለከለው ሁለት ዓመት አልፎታል። እሷም በበኩሏ ዳግመኛ መሰላል ላይ እንዳይወጣ አስምላዋለች።

የላይኛው ፎቅ ተከራይ የለቀቀ ሰሞን፣ መኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ፣ ከመስኮቱ በስተግራ፣ የትሪ ስፋት ያለው ቢጫ እድፍ አየች። ዝናብ ከጣሪያው ሰርጎ ነው። ሕንፃውን የሠራው ድርጅት ለጉድለት የአንድ ዓመት ዋስትና ሰጥቷል፤ ዓመቱ ሊሞላ የቀረው አንድ ወር ብቻ ነበር። በዚያው ቀን ደብዳቤ ጽፋ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትታ ተመለሰች። ፎቶ አላነሳችም። በፎቶ አታምንም። ባሏንም «መሐንዲስ መጥቶ እስኪያየው ማንም እንዳይነካው» አለችው። ማንም ሲባል እሱን ይጨምር እንደሆነ አልጠየቃትም።

መሐንዲሷ የመጣችው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። እትዬ መዝገብ ፋይሏን አቅፋ፣ ባሏን አስከትላ፣ መኝታ ቤት አስገባቻትና ቀና ሳትል በጣቷ ጠቆመች።

«ይኸውልሽ።»

መሐንዲሷ ቀና ብላ አየችና ወደ እሷ ዞረች። እትዬ መዝገብም ቀና አለች። ኮርኒሱ ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ ነው፤ እንከን አይወጣለትም።

ሌላኛው ክፍል ይሆናል ብላ ሄደች፤ እዚያም የለም። ሳሎኑን አየች፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ ወጥታ የበሩን ቁጥር ሳይቀር አየች። ቁጥሩ የራሷ ነው። ደብዳቤውን አውጥታ ብታነበው «መኝታ ቤት፣ ከመስኮቱ በስተግራ» ይላል፣ በገዛ እጇ ጽሑፍ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ግራውን ፈለገች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ደግሞ ፈለገች። መስኮቱስ ቢሆን ማን ከፈተው? ዘግታው ነበር የሄደችው። ወይስ አልዘጋችውም? የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

«ካላየሁት ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለች።

መሐንዲሷ ወንበር ላይ ወጥታ ኮርኒሱን በመዳፏ ዳበሰችው። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ደረቅ ነው። «እናቴ፣ እዚህ ምንም የለም። ‹ጉድለት አልተገኘም› በሚለው ላይ ይፈርሙልኝ» አለች።

የእትዬ መዝገብ እናት በመጨረሻዎቹ ዓመታት በገዛ ቤቷ ቁጭ ብላ «ይሄን በር ማን አዛወረው?» ትል ነበር። ልጅየዋ ያኔ ሳቋን እየዋጠች «ማንም አላዛወረውም፣ እማ» ትላታለች። ያ የዋጠችው ሳቅ ዛሬ በራሷ ላይ ዞረ። ፈራች። ቤቱ ከፈለገ ይፍረስ፤ የፈራችው ለጭንቅላቷ ነው።

ወደ ባሏ ዞረች። «ስለ እድፉ ነግሬህ ነበር አይደል?»

«ነግረሽኛል» አለ፤ ዓይኑን ግን በመስኮቱ ከሚታየው መንገድ አልነቀለም። ይህን ዓይነቱን ዓይን ማሸሽ ታውቀዋለች። ለእናቷ ስታዝንላት እሷም እንዲህ ነበር ዓይኗን የምታሸሸው።

ብዕሩን ተቀበለች። ልትፈርም ስትል ወደ ባሏ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ነገ ሐኪም ቤት ውሰደኝ። እማን የያዛት ነገር ሳይዘኝ አልቀረም» አለችው።

ባሏ ብዕሩን ከእጇ ነጠቃት።

«እኔ ነኝ የቀባሁት» አለ። «እህትሽ ጋ የሰነበትሽ ጊዜ። አንድ ቦታ ብቻ ብቀባ ስለሚያስታውቅ ኮርኒሱን በሙሉ ቀባሁት፤ ሽታው እንዲወጣም መስኮቱን ከፍቼ ተውኩት። እንዲያ ያለ እድፍ በገዛ ቤቴ እያለ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። መሰላል መውጣቴን ብታውቂ ደግሞ ማን ከአፍሽ ያወጣኛል?»

እትዬ መዝገብ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለች። ከዚያ «ከመስኮቱ በስተግራ ነበር?» አለች።

«በስተግራ።»

«ትሪ ያህላል?»

«ይበልጣል እንጂ። ሦስት እጅ ቀብቼው ነው የጠፋው።»

መስኮቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ መጣ።

መሐንዲሷ ማንን ማየት እንዳለባት ግራ ገብቷት ወረቀቷን ገለጠች። «ባለቤቱ ራሱ ከነካካው ግን ዋስትናው ይቀራል። ከእንግዲህ ጣሪያው ቢያፈስ የምታሠሩት እናንተ ናችሁ። እንደዚያ ብዬ መጻፍ አለብኝ።»

«ጻፊ፣ ልጄ። ግን ሙሉውን ጻፊው። ሳይቀባ በፊት እድፍ ነበረ በይ።»

«እናቴ፣ እሱ እኮ ለዋስትናው አይጠቅምዎትም።»

«ለዋስትናው መቼ አልኩሽ?» አለች እትዬ መዝገብ።

መሐንዲሷ ጻፈችላት። እትዬ መዝገብ ወረቀቱን ተቀብላ «እድፍ ነበረ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆማ ደጋግማ አነበበችው፤ ከዚያ ፈረመች።