ለእኔ የሚንበረከከው ሰጎን

ወንዱ ሰጎን እኔን ሲያይ ይንበረከካል። ክንፉን ዘርግቶ፣ አንገቱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ ይጨፍርልኛል። ሰጎን እንዲህ የሚሆነው ለሚፈልጋት ሴት ነው። ሴቷ ሰጎን ግን አጠገቡ ቆማ አፈር ስትጭር ትውላለች፤ ዞር ብሎም አያያት። ባሌ ይህን ከሰማ ወዲህ ማታ ማታ «ውሽማሽ ደህና ዋለ?» እያለ ያበግነኛል።

በምሠራበት መካነ እንስሳት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ብቻውን ሲፈለፈል አምፖል ሥር አስተኝቼ፣ ጎመን ከትፌ በእጄ አበላሁት። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ይሙት?

ባለፈው ኃላፊው ጠራኝ።

«እህቴ፣ ዘንድሮም እንቁላል ካልተገኘ ወንዱን ለሌላ መካነ እንስሳት እንሰጠዋለን። ሴቷን እምቢ ያለው አንቺን እያየ ነው። ከነገ ጀምሮ ኤሊዎቹ ጋ ሥሪ፤ በሰጎኖቹ በር እንዳትታዪ።»

ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ነው። ከሚሄድብኝ ብዬ እሺ አልኩ።

በእኔ ቦታ «ቀውላላው» የምንለው ባልደረባዬ ተተካ። ባገኘሁት ቁጥር እይዘዋለሁ።

«በላ?»

«በላ።»

«መሬቱን አየህ? ሚስማርም ቢያገኝ ይውጣል።»

«አይቻለሁ! አማት ሆንሽብኝ እኮ።»

«ከሴቷ ጋርስ?»

«በሩን ነው የሚያየው።»

ኤሊዎቹ አንድ ቅጠል አኝከው እስኪውጡ ይመሻል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ትናንት ቀውላላው እየሮጠ መጣ። «ለሷ ተንበረከከላት!» አለኝ። አላስቻለኝም። የሥራ ልብሴን አውልቄ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ ስቤ፣ ጃንጥላ ዘርግቼ ጎብኚዎቹ መሀል ቆምኩ። እውነትም ክንፉን ዘርግቶላታል፤ እሷም ቀረብ ብላለች። በደስታ ልጮህ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ድንገት አንገቱን ቀና አደረገ። ተነሣ፤ እሷን እዚያው ጥሎ በቀጥታ ወደ እኔ መጣና አጥሩ ሥር ተንበረከከ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ።

«ሂድ!» አልኩት። «ወደሷ ሂድ፣ አንተ ደንቆሮ! ሊወስዱህ እኮ ነው!»

እሱ እቴ! ጭፈራውን ቀጠለ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ከመሬት ጠጠር ዘግኜ በአጥሩ ላይ ወረወርኩበት።

ደረቱን መትቶት ረገፈ። ጭፈራውን አቁሞ ጠጠሩን አየው። ሰጎን ጥርስ የለውም፤ ምግቡን ሆዱ ውስጥ የሚፈጭለት የዋጠው ጠጠር ነው። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ እየለቀመ ዋጠልኝ። ከዚያ አንገቱን በአጥሩ አሾልኮ እጄን ይፈልግ ጀመር።