አውራ ጣትና የዐይን ቆብ

የአሮጌ ዕቃ ሱቁ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሞቱ ኮምፒውተሮችን ሆድ ዕቃ ሲያገላብጥ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እህቱ መሆኗን ሳያይ አውቋል። ከጠዋት ጀምሮ ከእሷ ሌላ የደወለለት ሰው የለም።

«አቤት እትዬ።»

«አገኘህ?»

«እየፈለግሁ ነው።»

«የላይኛው ትሪ ቀዝቅዟል፣ የታችኛው እየጋለ ነው። አሁን ካንተ ጋ ሳወራ እንኳ ማብሪያውን… ውይ! ቆይ፣ ቆይ!»

ስልኩ ተዘጋ።

ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል፤ ግማሹ በቅጥነቱ፣ ግማሹ በሙያው። ሬዲዮ ቢሉት፣ ስልክ ቢሉት፣ ካውያ ቢሉት «ይቀመጥ፣ ልየው» ብሎ ይቀበላል፤ ጠግኖ ሲመልስም የባለቤቱን ዐይን ለማየት ያፍራል። ታላቅ እህቱ ደግሞ ጫጩት ታስፈለፍላለች። ከቤቷ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ሙቀቱን አሮጌ ኮምፒውተር የሚቆጣጠርለት ማስፈልፈያ ማሽን አላት። ጎረቤቶቿ በቀልድ «አዋላጇ» አሏት፤ እሷም ወደደችውና ስሟ ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ጎርፍ ገብቶ ዶሮዎቿን ጠራርጎ ወሰደባት። አውራ ዶሮ የለ፣ ቄብ የለ፣ አንዲት እንኳ አልቀረችም። የተረፈው ከጎርፉ በፊት ማሽኑ ውስጥ የገባው እንቁላል ብቻ ነው። እሱ ከተፈለፈለ እንደገና ትነሳለች። ካልተፈለፈለ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እየመረጠችና እያዳቀለች ያቆየችው ዘር በዚያው አከተመ። ስለዚህ ከጎርፉ ማግሥት ጀምሮ ማሽኑን እንደ አራስ ትጠብቀው ጀመር። «ኮምፒውተሩ ውስጥ አቧራ አለ። አጽዳልኝ፤ ኋላ ጉድ እንዳይሠራኝ» እያለች ወንድሟን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው።

ሽቦም አጸዳላት። ምናለ በብሩሽ በሆነ! እሱ ግን ለእህቴ ከሆነማ እንዲያው ጥንቅቅ አድርጌ ልሥራው ብሎ ከጎማ ጠጋኙ ጎረቤቱ ኮምፕረሰር ተዋሰ። ጎማ ሲነፋ የዋለ ኮምፕረሰር ሆዱ ውስጥ ውሃ እንደሚያጠራቅም ያውቃል። ሌላ ሰው ሊያደርገው ቢል «ተው!» ብሎ እጁን የሚይዘው እሱ ራሱ ነበር። አቧራው ቡን ብሎ ሲወጣ እትዬ «ተባረክ!» አለችው። ከአየሩ ጋር ያመለጠችውን ጤዛ ማንም አላያትም። ሲያበራው የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ጥግ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፤ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ አበቃ።

ያኔውኑ ማሞቂያውን ከግድግዳው መብራት ጋር በቀጥታ አገናኘላት። ከትናንት ጀምሮ እትዬ አንድ እጇን ማብሪያው ላይ፣ ዐይኗን ቴርሞሜትሩ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሙቀቱ ሲወርድ ታበራለች፣ ሲወጣ ታጠፋለች። ለአፍታ ብትዘነጋ እንቁላሎቹ ይበስላሉ።

«ይኸውልህ!» አለ የእህቱ ባል ከሱቁ ማዶ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሽቦን ያመጣውም እሱ ነው። የሚያብለጨልጭ ማዘርቦርድ ከፍ አድርጎ ይዟል። «አዲስ ይመስላል። ተነስ እንሂድ።»

«ረጅም ስሎት የለውም፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ያኛውስ?»

«እሱም የለውም።»

«ኧረ በፈጠረህ! ሚስት የሚመርጥ እንኳ እንዲህ አያማርጥም።»

«ለዚህም ይሆናል ሳያገባ የቀረው» አሉ ሽማግሌው ባለሱቅ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ሽቦ ጆሮው ጋለ፤ እጁን ግን ከክምሩ አላነሳም። ማዘርቦርድ ሞልቷል። ችግሩ የእትዬ ማሽን ካርድ ነው። ከቴርሞሜትሮቹና ከማሞቂያዎቹ የሚመጣው ገመድ ሁሉ የሚገባው ክንድ ሊያህል ጥቂት በቀረው ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱ ደግሞ የሚሰካው በአሮጌዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ ባለው ረጅም ጥቁር ስሎት ብቻ ነው። ያ ስሎት መሠራት ካቆመ ዘመናት አልፈዋል። ካርዱን የሠራው ሰውም በሕይወት የለም።

ቀና ሲል አየው። ከባለሱቁ ራስ በላይ፣ ሰው ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ፣ አንድ ሰፊ አረንጓዴ ማዘርቦርድ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«አባባ፣ ያ ምንድን ነው?»

«እሱ ጌጤ ነው። አይሸጥም።»

«ላየው ብቻ።»

ሽማግሌው አጉረምርመው አወረዱለት። ሽቦ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። መጀመሪያ ስሎቶቹን አየ፤ ረጃጅሞቹ ጥቁሮች ሦስት ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቦርዱ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ከነማራገቢያው እንደተተከለ ነው። ሜሞሪው ጥንድ ነው፤ የዚያ ዘመን ቦርድ ነጠላ ሜሞሪ አይቀበልም። ካፓሲተሮቹን፣ እነዚያን ትናንሽ በርሜሎች፣ አንድ በአንድ በጣቱ ጫፍ ዳበሳቸው። ያበጠ የለም። ባትሪው ግን ፈሶ ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። በጥፍሩ ፈቀፈቀው። ከሥሩ ያሉት የመዳብ መስመሮች ሳስተዋል፤ አልተበጠሱም።

«ይሠራል?» አለ ሾፌሩ።

«ሊሠራ ይችላል።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ 'አዎ' ብትል ትሞታለህ?»

ባለሱቁ የሽቦን ፊት ሲያዩ ቆዩና «በል ውሰደው» አሉ። «ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ለሚስማሬ የሚሆን ሌላ ጌጥ ታመጣልኛለህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አባባ… ወፍራም ክብ መሰኪያ ያለው ኪቦርድስ አይጠፋም?»

«ኪቦርድ ደግሞ ለምን? ለጫጩት ደብዳቤ ልትጽፍ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ያለ ኪቦርድ አይነሳም፣ ጋሼ። 'ኪቦርድ አልተገኘም፤ ለመቀጠል ከኪቦርዱ ላይ አንዱን ቁልፍ ተጫን' ይላል።»

«ካልተገኘው ኪቦርድ ላይ?»

«አዎ።»

«ይሄማ ማሽን አይደለም፣ ባለጉዳይ የሚያመላልስ ቢሮ ነው!»

ሳቁ መኪናው ውስጥ ሳይገቡ አለቀ።

እትዬ በርጩማ ላይ እንደነበረችው ነበረች። ማሽኑ ውስጥ ሙቅ ውሃ የሞላባቸው ጀሪካኖች ከትሪዎቹ ሥር ተደርድረዋል። ዐይኗ በርበሬ መስሏል። ሲገቡ ቀና አላለችም።

«አገኘህ?»

«አገኘሁ።»

«ተመስገን» አለች፤ ቃሉ ውስጥ ግን ደስታ አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

ሽቦ ያመጣውን ቦርድ ኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ አሰረ፤ ዲስኩንና የኃይል ገመዶቹን አያያዘ። ከዚያ ካርዱን በረጅሙ ስሎት ላይ አሳርፎ ተጫነው። ፊቱ ገባ። ጅራቱ አልገባም። ጎንበስ ብሎ ቢያይ የካርዱ ጫፍ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ላይ ተደግፏል። በሁለተኛው ስሎት ሞከረ። እዚያም ያው። ሦስተኛውም አልተለየም።

ሦስት ስሎት ቆጥሮ ተመስገን ሲል ከስሎቶቹ ጀርባ ምን እንደተተከለ አላየም።

«ምን ሆነ?» አለች እትዬ ዐይኗን ከቴርሞሜትሩ ሳትነቅል።

«ማራገቢያው አላስገባው አለ።»

«የካርዱን ጫፍ ቁረጠዋ!» አለ ሾፌሩ። «ባዶ አይደል?»

«ባዶ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ማራገቢያውን ንቀለው እንግዲያ።»

«ከተነቀለ ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል።»

ማሞቂያው ሲነድ ብቻ ይሰማል። እትዬ አጠፋችው። ሽቦ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ማልቀስ ቢችል በወደደ። ይልቅስ ለራሱ ሲያጉረመርም ሰሙት፤ «የሚግለው ስለሚፈጥን ነው። ማን ፍጠን አለው? ቴርሞሜትር ማንበብ፣ ማብራት፣ ማጥፋት። ለዚህ ምን ያሯሩጠዋል?»

ድንገት ተነሥቶ ቦርዱ ላይ አጎነበሰ። በነዚያ ቦርዶች ላይ ፍጥነት የሚወሰነው ጃምፐር በሚሏት፣ ሩዝ በምታህል የፕላስቲክ ቆብ ነው፤ ቆቧ የትኞቹን ሁለት ቀጫጭን ምሰሶዎች እንደምታገናኝ ታይቶ ፕሮሰሰሩ ይሮጣል ወይም ያዘግማል። የቆቦቹ አቀማመጥ በሰንጠረዥ ቦርዱ ላይ ታትሟል። ሽቦ ጣቱን በምራቁ አርሶ ጽሑፉን ጠረገ። ከፈጣኑ ጀምሮ ወደ ዝግተኛው የሚወርዱት ረድፎች አንድ በአንድ ታዩት። የመጨረሻውን፣ የዝግተኛውን ረድፍ፣ የባትሪው ዝገት በልቶታል።

በላይኞቹ ረድፎች ቆቦቹ እንዴት ቦታ እንደሚቀያየሩ ደጋግሞ አጠና። የቀሩት አቀማመጦች ሁለት ናቸው። አንዱ ዝግተኛው ነው። ሌላው ሰንጠረዡ ላይ ያልታተመ ነው፤ ምን እንደሚያደርግ የሠራው ብቻ ያውቃል። ምናልባት ከሁሉም የሚፈጥነው።

ማራገቢያውን ከነብረቱ ነቀለ። ካርዱ እስከ ጅራቱ ስምጥ ብሎ ገባ። ሁለቱን ቆቦች በወረንጦ ወደ መረጠው ቦታ አዛወረና ተነፈሰ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለች እትዬ።

ውሸት አያውቅበትም። «አይደለሁም።»

«ከተሳሳትክስ?»

«ሌላ ፕሮሰሰር የለንም።»

«ኮምፕረሰሩን ስታመጣስ እርግጠኛ ነበርክ?»

ሾፌሩ «ኧረ ተይ አንቺ!» አለ። ሽቦ ወረንጦውን አስቀመጠ። እትዬ ማብሪያውን አበራች፤ መርፌዋ ስትወጣ እያየች ቆየች፤ አጠፋች።

«አጽዳ ብዬ የነዘነዝኩህ እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «አብራው።»

አውራ ጣቱን እርቃኑን በቀረው ፕሮሰሰር ላይ አሳረፈ። ሌላ መለኪያ የለውም። በሌላ እጁ አበራ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንዲት «ጢጥ»፤ ስክሪኑ ላይ ፊደል ተንጠባጠበ። ሜሞሪውን እንደ ሽማግሌ ምርቃት ቀስ እያለ ቆጠረ። የፍጥነቱ ቁጥር ወጣ። ሽቦ አነበበው፤ ሰንጠረዡ ላይ ካሉት ሁሉ ያንሳል። ኪቦርዱን አገኘው። ዲስኩን ፈለገ፤ ፈለገ፤ አገኘው።

ጣቱ ሥር ግን ሙቀቱ እየወጣ ነው። ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ጋለ። በዝግታ ሆኖ እንኳ ያለ ማራገቢያ አልቻለም።

«ጋሼ! ያቺን ማራገቢያ፣ የነቀልኳትን! ከጎኑ አቁማት። እንዳትነካው፤ ንፋሱ ብቻ ይድረሰው።»

«በምን ላስራት?»

«በሽቦ!»

«በአንተ?» አለ ሾፌሩ፤ እጆቹ ግን ቀልዱን አልጠበቁም። ማራገቢያዋን ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር ጠመዘዛት። ሽቦ ጥርሱን ነክሶ ጣቱን አላነሳም፤ ካነሳው ፕሮሰሰሩ መቼ እንደሚቃጠል አያውቅም። ነፋሱ ደረሰ። መቃጠሉ አልቀነሰም፤ ግን መጨመሩን አቆመ። ካርዱ ላይ አረንጓዴ መብራት በራች። ከማሽኑ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ማሞቂያው ማንም ሳይነካው ነደደ።

ጣቱን ሲያነሳ ቆዳው ነጭ ሆኖ ተነፍቷል።

በቀጥታ የዘረጋውን ገመድ ቆረጠ። ሦስቱም ቴርሞሜትሩ ላይ አፈጠጡ። መርፌዋ ወጣች፣ ልኩ ጋ ደረሰች፣ «ቀጭ»፤ ማሞቂያው ጠፋ። በዚያው ቅጽበት እትዬ ማብሪያዋን ተጫነች።

«እትዬ፣ ልቀቂው። አሁን ከምንም ጋር አልተገናኘም።»

«አውቃለሁ።»

አልለቀቀችውም። ማሽኑ ቀጭ ባለ ቁጥር እሷም ትጫናለች።

ሾፌሩ ጀሪካኖቹን ይዞ ወጣ። ሽቦ የእጅ ባትሪ አንሥቶ ከላይኛው ትሪ አንዱን እንቁላል ወደ ብርሃኑ አስጠጋ። ውስጡ ያለው የጫጩት ጥላ አይንቀሳቀስም። ሌላውን አነሳ። እሱም። ሦስተኛውን ካየ በኋላ ባትሪውን አጠፋ።

«ንገረኝ» አለች እትዬ።

«የላይኛው ትሪ አልተረፈም።»

ራሷን ነቀነቀች፣ የምታውቀውን ነገር እንደነገሯት ሁሉ። ከመካከለኛው ትሪ አንድ እንቁላል አውጥታ ዐይኗን ጨፍና ቆቡ ላይ አሳረፈችው። ቴርሞሜትር ከመግዛቷ በፊት ሙቀት የምትለካው በዚህ ነበር።

«ልክ ነው» አለች። «ሙቀቱ ልክ ነው።»

«ሕይወት አለው?»

«የዐይን ቆብ እሱን አያውቅም።»

እንቁላሉን ወደ ጭኗ አወረደችው፤ ዐይኗን ግን መልሳ አልገለጠችውም። ተቀምጣ፣ አንድ እጇ ሙት ማብሪያው ላይ እንዳለ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሽቦ ቀስ ብሎ እንቁላሉን ከመዳፏ ወሰደ። የተቃጠለው ጣቱ ቅርፊቱ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ የሆነ ነገር መታው። ትንፋሹን ያዘ። እንደገና መታው። ጣቱ ከነቁስሉ በራሱ ልብ ምት እየነጠረ ነው፤ የትኛው ምት የማን እንደሆነ ሊለይ አልቻለም። ወደ ግራ እጁ ሊያዛውረው አሰበና ተወው። የሚፈራውን ያውቃል፤ ባልተቃጠለው ጣት ምንም ባይሰማውስ?

ከኋላው ማሽኑ «ቀጭ» አለ። እትዬ ተኝታም ጣቷን አንቀሳቀሰች።

እንቁላሉን ትሪው ላይ ወደ ወጣበት ጉድጓድ መለሰው፤ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ላይ አድርጎ፣ የተኛ እንዳይነቃ በሚያስቀምጡበት ጥንቃቄ። የማሽኑን በር ዘጋ።